ስለ ጄሰን አጻጻፍ የቀረበ ሒስ፤ ከብቸናና ከሞጣ በተወሰዱ ምሳሌዎች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዛሬው ዘመን አንዱ ኮምፒዩተር ለሌላው መረጃ ሲያስተላልፍ አብዝቶ የሚሠራበትን ጄሰን የተባለውን አጻጻፍ መርምሮ፣ ለአገራችን መዝገቦች ምን ያህል እንደሚስማማ መመዘን ነው። ስለ ጄሰን ጥቅም በትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ ጉድለቱ ግን የተነገረን ጥቂት ነው። እኛም ያልተነገረንን ለመፈለግ ተነሣን።

ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ከብቸናና ከሞጣ ነው። ይህንም ያደረግነው ሁለቱ ከተሞች ከሌሎቹ የተለየ ችግር ስላለባቸው ሳይሆን፣ አገሩን ስለምናውቀውና በመዝገብ ላይ የገባውን ስሕተት ለይተን ለመናገር ስለምንችል ነው።

፩. የአጻጻፉ ጠባይ

ጄሰን «ጃቫስክሪፕት ኦብጀክት ኖቴሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም አኅጽሮት ነው። አጻጻፉን ለይቶ ስም የሰጠውና ያስፋፋው አሜሪካዊው ዳግላስ ክሮክፎርድ ሲሆን፣ ዘመኑም 2001 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። እርሱ ራሱ ግን ፈጠርሁት አይልም፤ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ውስጥ ቀድሞ የነበረውን አገኘሁት ባይ ነው። ደንቡ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት መሐንዲሶች ማኅበር በኩል ተጽፎ ወጣ፤ በ2013 ኤክማ የተባለው የደረጃ አውጭ ድርጅት በቁጥር 404 አጸደቀው፤ አሁን የሚሠራበት የኢንተርኔቱ ደንብ ደግሞ በ2017 የወጣው ነው።

ከእርሱ በፊት ለዚሁ ተግባር በሰፊው ይሠራበት የነበረው በ1998 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤክስ ኤም ኤል ነው። በኤክስ ኤም ኤል እያንዳንዱ ነገር መክፈቻና መዝጊያ ምልክት ስለሚያሻው፣ አጭር መረጃ ለመላክ ረጅም ጽሑፍ ይጻፋል። ጄሰን ያሸነፈው በዐጭርነቱ ነው። በጄሰን ሊጻፍ የሚችለው የዋጋ ዓይነት ስድስት ብቻ ነው፤ እነዚህም ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ባዶ፣ ተራ ዝርዝር፣ እንዲሁም ቁልፍና ዋጋ እየተጣመሩ የሚቀመጡበት መዝገብ ናቸው። ደንቡን አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንብቦ ሊጨርሰው ይችላል።

በሞጣ ተወልዳ ለከፍተኛ ትምህርት የምታመለክት የአንዲት ተማሪ መዝገብ በጄሰን ቢጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። ስሙ ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው።

{
"ስም": "አልማዝ",
"የአባት ስም": "ካሳ",
"የአያት ስም": "ተሰማ",
"የትውልድ ቦታ": "ሞጣ",
"የትውልድ ቀን": "1996-06-30"
}

ይህን መዝገብ ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው እንኳ ሊያነበው ይችላል። ቁልፉም ዋጋውም በፊደላችን ተጽፏል፤ ደንቡም ይህን ይፈቅዳል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን የቁጥር ምልክት ይጠቀም ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን የጄሰን ደንብ ከአንድ ሥርዐት ወደ ሌላው የሚላከው ጽሑፍ ሁሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እንዲሆን ያዝዛል። በዚህ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ «ሞጣ» ስድስት ባይት ትሆናለች፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ግን አራት ነው። ይህ ልዩነት ለቅሬታ የሚያበቃ አይደለም። ስለዚህ በፊደል ረገድ ጄሰንን የምንወቅስበት ምክንያት የለንም።

፪. የሚጮህ ስሕተት

ስሕተት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወዲያው የሚጮህ ነው፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ የሚያልፍ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ማንኛውም በአማርኛ የመክተቢያ ሰሌዳ የሚጽፍ ተማሪ ያውቀዋል። ጄሰን ቁልፍን ከዋጋ የሚለየው በላቲኑ ሁለት ነጥብ ነው፤ ጥንዶቹን እርስ በርሳቸው የሚለየው በላቲኑ ኮማ ነው። በዚህ ፋንታ የእኛን ነጠላ ሰረዝ «፣» ወይም የቃል መለያውን «፡» ያስገባ ሰው፣ ወይም ጽሑፉን በድርብ ጭረት ፋንታ በትእምርተ ጥቅስ «» ውስጥ የዘጋ ሰው ፋይሉ አይነበብለትም። በግዕዝ አኃዝ ፴ ብሎ ቁጥር የጻፈም እንዲሁ ነው፤ ደንቡ ቁጥር ብሎ የሚቀበለው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ብቻ ነውና።

የስልክ ቁጥርም በዚህ ውስጥ ይገባል። የሰሜን ምዕራቡ የመደበኛ ስልክ መለያ 058 ነው። ይህ ያለ ጭረት፣ እንደ ቁጥር፣ የተጻፈ እንደ ሆነ ደንቡ በዜሮ የሚጀምር ሙሉ ቁጥር ስለማይፈቅድ ፋይሉ ይወድቃል። ያልተጠነቀቀ ሰው ታዲያ ፋይሉ እንዲነበብለት ሲል ዜሮዋን ያነሣታል፤ በዚህም ጊዜ የሚጮኸው ስሕተት ወደ ዝምተኛ ስሕተት ይለወጣል። ትክክለኛው መድኃኒት የስልክ ቁጥር የማይደመርና የማይቀነስ መሆኑን ተረድቶ በጭረት ውስጥ እንደ ጽሑፍ መጻፍ ነው።

እነዚህ ስሕተቶች ቢያበሳጩም አይጎዱም። የሚጮህ ስሕተት ሰውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ ብዙ አንዘገይም።

፫. ዝም ብሎ የሚያልፍ ስሕተት

ወደ አልማዝ መዝገብ እንመለስ። የትውልድ ቀኗ «1996-06-30» ተብሎ ተጽፏል። ጄሰን ስለ ቀን የሚያውቀው ምንም ነገር የለም፤ ከስድስቱ የዋጋ ዓይነቶች ውስጥ ቀን የሚባል የለምና። ቀን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በጭረት ውስጥ ይቀመጣል፤ ምን ማለት እንደ ሆነም ላኪና ተቀባይ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። በልማድ የሚሠራበት ስምምነት ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፍ ደንብ ሲሆን፣ አቆጣጠሩም የጎርጎርዮስ ነው።

በሞጣ ያለው ጸሐፊ ግን የጻፈው የካቲት 30 ቀን 1996 ዓ.ም. ብሎ ነው። ይህም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 2004 ነው። ፋይሉን በሌላ ስፍራ የሚቀበለው ፕሮግራም ጁን 30 ቀን 1996 ብሎ ያነበዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይበልጣል። የዕድሜ ገደብ ባለበት የትምህርት ዕድል ውድድር አልማዝ በሰባት ዓመት አርጅታ ትቀርባለች፤ ከተራውም ትወጣለች። ማንም ሰው አልዋሸም፤ ማንም ፕሮግራም አልተሰናከለም።

ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚሰወር ለማወቅ ቀላል ስሌት አደረግን። 1996 ዓ.ም. 365 ቀኖች አሉት። እነዚህን ሁሉ ከላይ በተመለከተው አኳኋን ብንጽፋቸውና የጎርጎርዮስን አቆጣጠር በጥብቅ ለሚከተል አንባቢ ፕሮግራም ብንሰጠው፣ አልቀበልም የሚለው 6 ቀኖችን ብቻ ነው። እነዚህም አምስቱ የጳጉሜን ቀኖችና ጥቅምት 30 ናቸው፤ ጳጉሜን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለ ሆነች፣ ሁለተኛው የፈረንጆች ወርም በዚያ ዓመት 29 ቀን ብቻ ስላለው ነው። የቀሩት 359 ቀኖች ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚፈትን ሰው በጳጉሜን ወይም በጥቅምት 30 የተወለደ ተማሪ ካልገጠመው በቀር ሥራው የተቃና ይመስለዋል።

ነገሩ የአንድ ተማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በአገራችን የጤና ጥበቃ ሪፖርት የሚጠናቀርበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር መረጃን በጄሰን ይሰጣል፤ ይቀበላልም። በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር መምረጥ ይቻላል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ምርጫው የሚቀመጠው በሥርዐቱ ውስጥ ነው። «201601» የሚል ባለ ስድስት አኃዝ የወር ምልክት ብቻውን ተቆርጦ በፋይል ወደ ሌላ ስፍራ ቢሄድ፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. ይሁን ወይም ጃንዋሪ 2016 እ.ኤ.አ. ከፋይሉ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በብቸና የታከሙ ሕሙማን ቁጥር በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመዘገብ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዝምተኛ ስሕተት በካርታ ላይ የሚታየው ነው። የቦታዎችን አቀማመጥ በጄሰን ለመጻፍ ጂኦጄሰን የተባለ ደንብ አለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። በዚህ ደንብ የአንድ ቦታ አቀማመጥ በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የሚቀድመው ኬንትሮስ ነው፣ የሚከተለውም ኬክሮስ ነው። እኛ በጂኦግራፊ ትምህርት የለመድነው ግን ኬክሮስን ማስቀደም ነው። ሞጣ በሰሜን ኬክሮስ 11.08 ዲግሪና በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.87 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች፤ ብቸና ደግሞ በ10.45 እና በ38.20 ገደማ። ቁጥሮቹን በለመድነው ቅደም ተከተል የጻፍን እንደ ሆነ ሁለቱም ከተሞች ተነሥተው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከቱኒዚያ በስተ ሰሜን ካለው ውሃ ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከ90 በታች በመሆናቸው ፕሮግራሙ የሚቃወምበት ምክንያት የለውም። ካርታውን ከፍቶ የሚያይ ሰው ይስቃል፤ ርቀትን ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም ግን አይስቅም፤ የተሳሳተውን ርቀት አስልቶ ያስረክባል።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ጄሰን ሁለት ጽሑፎች አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው ፊደል በፊደል ሲገጥሙ ብቻ ነው። ብቸናን «ቢቸና» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ በሞጣ ዙሪያ ያለውን ወረዳ አንዱ «ሁለት እጁ እነሴ»፣ ሌላው «ሁለት እጅ እነሴ» ይለዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የሞጣ «ጣ» በአንድ ምልክትም በሁለትም ይጻፋል። ከዚህ በላይ «ዓመት» እና «አመት» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለጄሰን ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። «ዓመት»ን የሚፈልግ ፕሮግራም «አመት»ን ቢያገኝ የለም ብሎ ይመለሳል።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። በውጭ አገር ሰዎች የተነደፈ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ለስም ሁለት ቁልፍ ብቻ አለው፤ የመጀመሪያ ስምና የቤተ ሰብ ስም። በዚህ ዐይን ሲታይ አልማዝ ካሳ «ካሳ» ከሚባል ቤተ ሰብ ነች፤ አባቷ ካሳ ተሰማ ግን «ተሰማ» ከሚባል ሌላ ቤተ ሰብ ይሆናል። ጄሰን እንዲህ አድርጉ ብሎ አላስገደደም። ሦስት ቁልፍ የጻፈ ሦስት ያገኛል። ይህ ጥፋት የነዳፊው ነው፤ የተዋሰውንም ሳይመረምር የሚገለብጠው የእኛ ፕሮግራም ሠሪ የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

፬. የቀድሞ ጸሐፊዎች እንዴት ያደርጉ ነበር?

በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍም መረጃ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው፣ ከአንድ ትውልድም ወደ ሌላ ትውልድ የሚተላለፍበት ነበር። የጽሑፉ ደንብ በማንም ደረጃ አውጭ አልጸደቀም፤ ነገር ግን ጸሐፊው የማይተዋቸው ነገሮች ነበሩ። ማን እንደ ሰጠና ማን እንደ ተቀበለ፣ በማን ንግሥና ወይም ሹመት እንደ ሆነ፣ እማኞቹ እነማን እንደ ነበሩ ይጽፋል። ዘመኑን ሲጽፍም ብዙ ጊዜ የወንጌላዊውን ስም ይጨምራል፤ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ ወይም ዘመነ ዮሐንስ ብሎ።

የወንጌላዊው ስም ለኮምፒዩተር ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። አንደኛ፣ ስሙ መኖሩ ብቻ አቆጣጠሩ የእኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዘመነ ሉቃስ የሚባል የለምና። ሁለተኛ፣ በዓመቱ አኃዝ ላይ ስሕተት ሲገባ ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። 1996 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ አንድ ገልባጭ ተሳስቶ 1995 ቢያደርገው፣ ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለ ሆነ ቁጥሩና ስሙ አይገጥሙም። ሁሉን ስሕተት ያጋልጣል ግን አንልም፤ ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት ስለሚዞሩ የአራት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ሳይታወቅ ያልፋል።

የቀድሞውን ጸሐፊ ያለ ልክ ለማወደስ አንሻም። መዝገቡ በአንድ ስፍራ ብቻ ይገኛል፤ ሺህ መዝገቦችን አወዳድሮ ድምራቸውን ለማግኘት ዘመን ይፈጃል። ቢሆንም ጽሑፉ ባዕድ እጅ ሲገባ ሊረዳው የሚገባውን ነገር ጽሑፉ ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል። ጄሰን ይህን ሸክም ከጽሑፉ ላይ አንሥቶ በላኪና በተቀባይ ስምምነት ላይ ጣለው። ስምምነቱ ሲጠፋ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሳይኖር ሲቀር፣ ቅርጹ የተስተካከለ ትርጉሙ የጠፋ ፋይል ይቀራል።

፭. ሊቀርብብን የሚችለው ተቃውሞ

ለጄሰን የሚከራከር ሰው «ይህ ሁሉ የጸሐፊው ጥፋት እንጂ የአጻጻፉ አይደለም፤ ወረቀት የተጻፈበትን ውሸት ያውቃልን?» ሊለን ይችላል። ግማሹን እንቀበለዋለን። ጄሰን በዓለም ሁሉ ሊስፋፋ የቻለው ስለ ቀን፣ ስለ ስምና ስለ ቦታ የማንንም ወገን ሕግ ስላልያዘ ነው። የጎርጎርዮስን ቀን በደንቡ ውስጥ አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ለእኛ የባሰ በሆነ ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን አያሳምነንም። ክሮክፎርድ በመጀመሪያ የነበረውን የማስታወሻ መጻፊያ ከጄሰን አስወጥቶታል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ሰዎች በማስታወሻው ውስጥ ለአንባቢ ፕሮግራም ትእዛዝ መጻፍ ስለ ጀመሩና ይህም ፋይሎቹን እንዳይግባቡ ስለሚያደርግ ነው ብሏል። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ከዚህ የተነሣ ግን ጽሑፉ ኅዳግ አጣ። ከብቸና በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው፣ ሰሙን ብቻ ተቀብሎ ወርቁን ያልጠየቀ ተማሪ ቅኔውን ሰማ እንደማይባል ያውቃል። ኅዳግ የሌለው መዝገብ አንባቢውን በሰሙ ላይ ያስቀረዋል።

ጉድለቱን ለመሙላት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። ጄሰን ስኪማ የተባለው ደንብ የአንድን መዝገብ ቁልፎችና የዋጋ ዓይነቶች አስቀድሞ ይወስናል፤ ነገር ግን «1996-06-30» በሁለቱም አቆጣጠር ቅርጹ ትክክል ስለ ሆነ ስሕተቱን አይይዝም። በ2014 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ጄሰን ኤል ዲ እያንዳንዱ ቁልፍ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚገልጽ ክፍል በመዝገቡ ራስ ላይ እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ከቀድሞ ጸሐፊዎቻችን አሠራር ጋር የሚቀራረበው ይህ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቀን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የአቆጣጠሩን ስም ለመጨመር የሚያስችል የኢንተርኔት ደንብ ወጥቷል፤ ነገር ግን አኃዞቹ የጎርጎርዮስ ሆነው ይቀራሉ፤ የተጨመረው ስም ቀኑ በምን አቆጣጠር ለሰው ይታይ የሚለውን ብቻ ይናገራል።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የምናገኘው ፍርድ ጄሰን ለቅርጽ ዋስ እንጂ ለትርጉም ዋስ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ እንተወው አንልም፤ የጎደለውን ጸሐፊው ይሙላበት እንላለን። የአልማዝ የትውልድ ቀን እንደሚከተለው ቢጻፍ ማንም ባዕድ ፕሮግራም ሳያውቅ ሊያሳስተው አይችልም።

"የትውልድ ቀን": {
"ዓመት": 1996,
"ወር": "የካቲት",
"ቀን": 30,
"አቆጣጠር": "የኢትዮጵያ",
"ዘመን": "ዮሐንስ"
}

ይህን የማያውቅ አንባቢ ፕሮግራም ቢገጥመው ይሰናከላል፤ ይጮኻልም። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። እንዲሁም ለስም ሦስት ቁልፍ ይመደብ፤ የስልክ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ይጻፍ፤ ለቦታ ከስሙ ጋር ቋሚ የመለያ ቁጥር ይሰጠው፤ አቀማመጡም በቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን «ኬክሮስ»፣ «ኬንትሮስ» ተብሎ በቁልፍ ይጠራ፤ ወደ ጂኦጄሰን የሚለወጥ ሲሆን ቅደም ተከተሉን ፕሮግራሙ ይጠብቅ። የቁልፎቹ ፊደል አጣጣልም በአንድ ዝርዝር ተወስኖ ይታተም። ይህ ሁሉ ፋይሉን በጥቂት መስመር ያስረዝመዋል። ኤክስ ኤም ኤልን በርዝመቱ ነቅፈን እኛ ደግሞ ማስረዘማችን ነውር አይመስለንም፤ የእርሱ ርዝመት ለምልክቱ ነበር፣ የእኛው ግን ለትርጉሙ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ያለን ተማሪዎች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ እነዚህን መዝገቦች የምንነድፍ እኛው ነን። ከውጭ የመጣውን ናሙና ገልብጠን የሞጣዋን ልጅ በሰባት ዓመት ብናስረጅ፣ ብቸናንም ባሕር ውስጥ ብንጥል፣ ጥፋቱን በክሮክፎርድ ላይ ማሳበብ አንችልም። በጽሑፋችን ውስጥ ጉድለት ያገኙ መምህራንና ጓደኞች እንዲያርሙን፣ የራሳቸውንም ወረዳ መዝገብ በዚሁ መንገድ ፈትነው ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እንዲያቀርቡልን በትሕትና እንጠይቃለን።